የቆመበት ይቅደም

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሽ ገሰሰ፣

እርስዎም እትዬ ውባንቺም እንዴት ከረማችሁ? በክረምቱ ለጻፉልኝ ደብዳቤ መልስ ሳልሰጥ መስከረም አለፈ። ምክንያት መደርደር ስለማይወዱ ይቅርታ ብቻ እጠይቃለሁ።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎን፣ ቢሮው እዚያው ነው፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ፣ ባለቤቶቹ ጥለውት በሄዱት ቪላ። የደረቁት ዕፅዋት ግን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ተዛውረዋል፤ ሳሎኑን የውይይት ክበቡ ፈለገው። አዎን፣ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሠዓሊያችን ዓብዱም እንደ ድሮው ብሩሹን አንሥቶ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አይ፣ አላገባሁም።

ስለ ቃላቱ የጠየቁኝን መጨረሻ ያደረግሁት ወሬው ስለማያስደስት ነው። ጡረታ ሲወጡ ለኮሚቴው ያስረከቡት የዕፅዋት መግለጫ ቃላት ስብስብ እስካሁን አልታተመም። አዲሱ ሰብሳቢያችን ዶክተር ካሳዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራውን አንብበውታል፤ ያከብሩታልም። ሆኖም አንድ ነገር አጥብቀው ይዘዋል፦ ለእያንዳንዱ ቃል ሥዕል ካልቀረበለት መጽሐፉ ማተሚያ ቤት አይገባም። ለሥዕል ማተሚያ የሚያስፈልገው የክሊሼ ብረትና ወረቀት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ለእሱ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ የለም ተብለናል። ማተሚያ ቤቱ የያዘልን ተራ በግንቦት ያልፋል። ካለፈ በኋላ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር ሰው አላገኘሁም።

በስብሰባው ላይ እርስዎ ያስተማሩኝን ተናገርኩ። አንዱ የእርሻ ሠራተኛ ከባሌ «ሰፊ ቅጠል ያለው አረም» ብሎ ይጽፍልናል፤ ሌላው ከጎጃም ያንኑ አረም «መካከለኛ ቅጠል ያለው» ይለዋል፤ እኛም ሁለት አረም መስሎን ሁለት ዓይነት መድኃኒት እንልካለን፤ አንደኛው ገበሬ ማሳውን ያጣል አልኩ። ዶክተሩ በትዕግሥት ሰሙኝና «የሺአረግ፣ ቃሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቃል ያለ ሥዕል ዕውር ነው፤ መሪ ይሻል» አሉኝ።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። ከቦሌ ዙሪያ አሥር ዕፅዋት እመርጣለሁ። ስማቸውን ሳልጠቅስ በእርስዎ ቃላት ብቻ እጽፋቸዋለሁ። ዓብዱ ሥዕላቸውን ይሠራል። ሁለቱም ሲደርስዎ ምን ምን እንደሆኑ ይጻፉልን፤ ቃሉ ብቻውን ይበቃ እንደሆነም ይፍረዱ። «የቃሉ ባለቤት ራሱ ይፈርዳል ወይ?» ያለ ሰው ነበር። ዶክተሩ ናቸው የመለሱለት፤ «አቶ ገሰሰ ለራሳቸው ሥራ ሲያደሉ ያየ ካለ እጁን ያውጣ» አሉ። ማንም እጁን አላወጣም።

ፈቃድዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ
የሺአረግ አስፋው


ይርጋ ዓለም
ኅዳር 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ የሺአረግ፣

ደብዳቤሽን ውባንቺ ጮክ ብላ አነበበችው። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬቷን ከተቀበለች ወዲህ በዚህ ቤት ሳይነበብ የሚያልፍ ነገር የለም፤ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር። ያላገባሽበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ «እንዲህ ስትል አታፍርም?» አለች። እኔ ግን አጭርና ትክክለኛ መልስ ነው አልኳት።

ለጥያቄሽ መልሴ እሺ ነው። ጻፊና ላኪ። ሥዕሉንም ዶክተሩ ይላክ ካሉ ይላክ፤ ለኔ ለውጥ የለውም።

ዶክተር ካሳዬን አትጥዪአቸው። ሥዕል የሚወድ ሰው ስሕተትን የሚፈራ ሰው ነው። ስለ ዕውርነት ለተናገሩት የምጨምረው የለኝም።

ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ጉልበቴ ዳገት አይወድም። ሌላው እንደ ዕድሜዬ ነው።

ደንቡን እንዳትረሺ። የቆመበት ይቅደም። ጨፌ ላይ ይሁን ገደል ላይ፣ ጥላ ሥር ይሁን ፀሐይ ላይ፣ አፈሩ ዋልካ ይሁን አሸዋ መጀመሪያ ንገሪኝ። ከዚያ ግንዱን፣ ከዚያ ቅጠሉን፣ ከዚያ አበባና ፍሬውን። ሰው እንግዳ ሲቀበል መጀመሪያ አገሩን እንደሚጠይቅ ማለት ነው። «ትልቅ» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ከምን የሚተልቅ? «ቆንጆ» የሚለውማ ካገኘሁት ሙሉውን እመልሰዋለሁ።

ከአሥሩ አንዷ ከማኮብኮቢያው በስተምሥራቅ ካለው ጨፌ ያገኘናት ትሁን። አማርኛ ስም አላገኘንላትም፤ የኦሮሞ ሽማግሌዎችም ብጠይቃቸው አናውቃትም ብለውኛል። ስም ለሌላት ተክል ከመግለጫዋ በቀር ምን አላት? አሥር ዓመት ይሆነዋል፤ አንቺ ገና እንደተቀጠርሽ፣ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ውሃው ውስጥ ገብተሽ ያወጣሻት። ጨፌው እንዴት ነው?

ገሰሰ


ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሽ ገሰሰ፣

አሥሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የዓብዱን ሥዕሎችም፣ እሱ ራሱ ቁጥራቸውን በጀርባቸው ጽፎባቸው፣ በተለየ ፖስታ አብሬ አሽጌአቸዋለሁ። ከመልስዎ ጋር ይመልሱልን፤ ዓብዱ ቅጂ የለውም።

ቃልዎ እንደሚሠራ አንድ ምስክር አግኝቻለሁ፤ ላውጋዎት። ባለፈው ቅዳሜ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ጎንበስ ብዬ ስለቅም አንድ ወታደር ደረሰብኝ።

«እመቤት፣ ምን እየለቀምሽ ነው?»

«ቅጠል።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ልጽፈው።»

«ደግሞ ቅጠል ይጻፋል እንዴ? ለማን ነው የምትጽፊው?» ድምፁ ሲለወጥ ፈራሁ። መታወቂያዬን አሳየሁት፤ አገላብጦ አየውና አልመለሰልኝም። ወዲያው እርስዎ ያደርጉት የነበረው ትዝ አለኝ። «በአገርህ የሚበቅል፣ እኔ የማላውቀው ቅጠል የለም?» አልኩት። «ሞልቷል» አለ። «እስቲ አንዱን ንገረኝ፤ ስሙን ግን እንዳትጠራ።» ትንሽ አሰበ። «እንግዲህ ወንዝ ዳር ነው። ድንጋይ ለድንጋይ። ጥላ ይወዳል...» ብሎ ጀመረ። ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ ግንዱን በእጁ እያሳየ ቀጠለ። መታወቂያዬን ሲመልስልኝ «ሳምንት ደግሞ የእሾሁን እነግርሻለሁ» አለኝ። ጋሽ ገሰሰ፣ ማንም ሳያስተምረው የቆመበትን አስቀደመ።

ሁለቱን እዚህም ልድገማቸው፤ የደከምኩባቸው እነሱ ናቸውና።

ቁጥር አራት። የቆመበት፦ የመንገድ ዳር፣ ደረቅና የተቆፈረ አፈር፣ ሙሉ ፀሐይ። ግንዱ፦ ቀጥ ያለ፣ አንድ ወጥ፣ እስከ ሰው ትከሻ። ቅጠሉ፦ ከሥር የተደረደረ፣ ወፍራም፣ ከስንዝር የሚበልጥ ከክንድ የሚያንስ፣ በሁለቱም ገጽ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጠጉር። አበባው፦ ቢጫ፣ በረጅም ዘንግ ላይ ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ የሚፈነዳ።

ቁጥር ሰባት። የቆመበት፦ ድንጋያማ ተዳፋት፣ የአጥር ሥር። ግንዱ፦ ከመሬት የሚከፈል ቁጥቋጦ፣ እስከ ወገብ። ቅጠሉ፦ ጦር መሰል፣ ጠጉር አልባ፣ ጠርዙ ሙሉ፣ ሲታኘክ የሚኮመጥጥ። ፍሬው፦ ስስ ክንፍ ያለው፣ ሲደርስ ቀላ የሚል።

ስም የሌላትም ከአሥሩ መሐል አለች።

የጽሕፈት መኪና ሪባን እልክልዎታለሁ። በመጨረሻው ደብዳቤዎ ሁለት መስመር አንዱ ባንዱ ላይ ተመትቶ በስንት ልፋት ለየሁት። ፊርማዎም ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሥራ የበዛብዎት መስሎኝ ደስ አለኝ።

አክባሪዎ
የሺአረግ


ይርጋ ዓለም
ጥር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ የሺአረግ፣

ለሪባኑ አመሰግናለሁ። አሮጌው ደክሞ ነበር።

መልሴ ይኸውና። አንድ ግራዋ። ሁለት ሰንሰል። ሦስት አቱች፤ አበባዋ ከጤፍ ፍሬ ብዙ እንደማትበልጥ መጻፍሽ ግሩም ነው። አራት ቀጠጥና። አምስት ክትክታ። ስድስት ሳማ፤ «ሲነኩት የሚያቃጥል» የሚለውን በመጨረሻ ማስቀመጥሽ ተንኮል ነው። ሰባት እምቧጮ። ስምንት ዳማ ከሴ። ዘጠኝ ፊላ። አሥር ስም የሌላት። ሁሉንም ያወቅኋቸው ከቃሉ ነው። ፍርዴ፦ ቃሉ ብቻውን ይበቃል። ለኮሚቴው የሚሆነውን በተለየ ወረቀት ፈርሜ ከሥዕሎቹ ጋር መልሻለሁ።

አሁን ወደ ቁጥር አሥር እንመለስ። አበባዋን «ቡናማ» ብለሻል። ያቺ አበባ በሕይወት ሳለች ሐምራዊ ናት፤ የሐምሌ ደመና ወደ ማታ የሚይዘው ዓይነት ሐምራዊ። ቡናማ የምትሆነው ጋዜጣ መሐል ተጭና ስትደርቅ ነው። ስለዚህ ይህን የጻፍሽው ጨፌው ላይ ቆመሽ አይደለም፤ መሳቢያ ከፍተሽ ከደረቀችው ላይ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በአንቺ አይደለም። የቀለም ቃላታችንን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ቡናማ፣ አመድማ፣ ገለባማ፣ ዝገትማ። ብዙዎቹን ያወጣናቸው በዚያ ቪላ ውስጥ፣ የደረቀ ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነው። ሕያው ተክል የያዘ ሰው በእኛ ቃል ሲፈልገው አያገኘውም። ይህ የቢሮ ሰዎች ስሕተት ነው፤ ገበሬ አይሳሳተውም። ከእያንዳንዱ ቀለም አጠገብ «ሕያው» ወይም «ደረቅ» የሚል ይጨመር። ከመታተሙ በፊት የግድ ነው።

አሁንም ስለ ጨፌው አልመለስሽልኝም።

ገሰሰ


ቦሌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሽ ገሰሰ፣

ጨፌው የለም። በክረምቱ መውጫ ገልባጭ መኪኖች ድንጋይና አፈር አራገፉበት፤ አሁን ተደልድሎ የግንባታ ዕቃ ተከምሮበታል። ልጽፍልዎ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። በቃል ተከልዬ ያለ መስሎ እንዲቆይልዎ ፈለግሁ። እርስዎ ግን ከአንድ ቀለም ላይ ያዙኝ። አፈርኩ፤ ደግሞም ከዚህ በላይ አድንቄዎት አላውቅም። ከጎኔ ሆነው መሳቢያውን ስከፍት ያዩኝ ያህል ነበር።

«ሕያው» እና «ደረቅ» ላይ መሥራት ጀምሬያለሁ። የኮሚቴው ወሬ ግን ሌላ ነው፤ እንዴት እንደምጽፍልዎ አላውቅም።

መልስዎ ሲነበብ ሁሉም ተደሰተ። ዶክተር ካሳዬ «አሥር ከአሥር!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ እያንዳንዱን ሥዕል ከመልስዎ ጎን ይደረድሩ ጀመር። አራተኛው ላይ ቆሙ። ቀጠጥና ካሉት ጎን የተቀመጠው የእምቧጮ ሥዕል ነው። ሰባተኛውን ገለጡ፤ የቀጠጥና ሥዕል። ዓብዱ ብድግ አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቁጥሩን በጀርባ ስጽፍ አለዋውጬዋለሁ» አለ።

ዶክተሩ ዓብዱን አልተቆጡም። «ያንተስ የእጅ ስሕተት ነው» አሉት። «እነዚህ ሁለቱ ግን ፍየልና ግመል ናቸው። አቶ ገሰሰ ይህን አይተው ዝም አይሉም። ስለዚህ አላዩትም። የተላከላቸውን ማስረጃ ግማሹን ሳይመለከቱ ፈርመዋል። እኔ በግዴለሽ ፍርድ መጽሐፍ አላሳትምም።» ከመሐላችን አንድ ሰው «ጡረታ ያው ጡረታ ነው» አለ። የሳቀ የለም።

እኔ ተቃወምኩ። ምን ብዬ እንደተቃወምኩ ግን አላውቅም። አንድ የሣር ቅንጣት ሦስት ጊዜ ሳያዩ የማይጽፉ ሰው ነዎት። ለምን አልነገሩንም? የመጨረሻው ስብሰባ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው። የምመልስላቸው ቃል ይስጡኝ።

የሺአረግ


ይርጋ ዓለም
የካቲት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሥዕሎቹን አላየኋቸውም። ዶክተሩ እውነታቸውን ነው። የተጠየቅሁት ስለ ቃሉ ነበር፤ ስለ ቃሉ መለስኩ። ከዚህ የተረፈ የምሰጥሽ መልስ የለኝም። ኮሚቴው የወሰነው ይጽና፤ እኔን ከነገሩ አውጪኝ።

ዓብዱ እንዳይጨነቅ። ቁጥር የሚለዋወጥ ነገር ነው።

ስለ ጨፌው አልተቀየምኩሽም። ሰው የሚወደውን ላለማሳዘን ዝም ይላል። ይህን ከኔ የበለጠ የሚረዳሽ አታገኚም።

ገሰሰ


ይርጋ ዓለም
የካቲት 25

ለየሺአረግ

አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ ብለው ነው ያስተማሩን። እኔ ውባንቺ ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ለሰው ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ገሰሰ ይህን መጻፌን አያውቅም። ሲያውቅ ይቆጣል። ይቆጣ። ግዴለሽ ተባለ ብለሽ የጻፍሽውን እኔ ነኝ ያነበብኩለት። ስጨርስ ምሳም አልበላ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ ግዴለሽ ሲባል ሰምቼ እንዴት ልተኛ።

ገሰሰ አያይም። ዓምና ከትንሣኤ በኋላ አንዱ ዓይኑ ጠፋ። በክረምቱ ሁለተኛው ተከተለው። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ዘግይታችኋል አሉን። ለማንም እንዳልናገር አማለኝ። ዓይነ ስውር ስለ ቅጠል መልክ ምን ያውቃል ብለው በእሱ ሰበብ ቃሉን የሚጥሉት ይመስለዋል። ለራሱ አይደለም የፈራው። ለዚያ ለመጽሐፉ ነው። የሚጽፈው ጣቱ መኪናውን ስለሚያውቀው ነው። መስመር ሲደራረብ እኔም ሁልጊዜ አላይለትም።

ያንቺን አሥሩን እንዴት እንደለየ ልንገርሽ። እኔ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ከባድ ቃል ያለበት መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ግን ሁሉም እኛ የምንናገረው ነው። የቆመበት የሚለውን ሳነብ ዝም ብሎ ይሰማል። ከዚያ «እሺ፣ ደረስኩ» ይላል። ሄዶ እዚያ እንደቆመ። ከዚያ ቅጠሉን ስነግረው በጣቱ ጉልበቱ ላይ ይስለዋል። አንዳንዱን ሳልጨርስ ያውቀዋል። አንቺ ግን ጨርሺ ይለኛል። ሲያውቀው ፊቱን ብታዪው።

ሥዕሎቹን ከፖስታው አላወጣኋቸውም። ምን ይመስላሉ አላለኝም። እሱ የማያየውን እኔ ፊቱ ዘርግቼ ማየት ነውር መሰለኝ። እንደታሸጉ መለስናቸው። ባወጣቸውማ እኔ ራሴ ቀጠጥናና እምቧጮ አይጠፋኝም ነበር። እንግዲህ ጥፋት ካለ የኔ ነው በያቸው።

ፖስታ ቤት ራሴ ወስጄዋለሁ።

ውባንቺ


ቦሌ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሽ ገሰሰ፣

ይህን የሚያነቡልዎት እትዬ ውባንቺ ስለሆኑ ሁለታችሁንም እያናገርኩ ነው። እትዬ፣ እዚህ ላይ ደንግጠው እንዳያቆሙ፤ ይቀጥሉ። ጋሽ ገሰሰ፣ እንዳይቆጧቸው።

የላኩልኝን ደብዳቤዎች ሁሉ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩ። የተደራረቡት መስመሮች፣ ወደ ታች የሚንሸራተተው ፊርማ። ስለ ሪባን የጻፍኩትን ሳስብ እጄን መቁረጥ ያምረኛል። «ዕውር» የሚለውንም ቃል እንዳለ ገልብጬ የላክሁልዎ እኔ ነኝ።

አሁን ግን ልለምንዎ የምሻው ነገር አለ። ዶክተሩ ቃል ያለ ሥዕል አይሠራም አሉ። እርስዎ አንድም ሥዕል ሳያዩ አሥሩንም ለዩ። ሥዕሎቹ መሳሳታቸው ራሱ ምስክር ሆኖልናል፤ በሥዕል የረዳዎት ሰው ቢኖር ኖሮ አራትና ሰባት ላይ ይደናገሩ ነበር። ከቀለም ላይ ተነሥተው መሳቢያዬን ማየትዎስ? ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በየትም አገር ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ አይመስለኝም።

ግን የእርስዎ ነው። እንድናገር ካልፈቀዱልኝ አልናገርም። መጽሐፉ ይቅር፤ ተራውም ይለፍ። ግዴለሽ ያሉዎትን ግን በሌላ መንገድ እከራከራቸዋለሁ፤ መንገዱን ገና አላገኘሁትም እንጂ።

ልጅዎ
የሺአረግ


ይርጋ ዓለም
መጋቢት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ የሺአረግ፣

ከውባንቺ ጋር ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ነገር ግን በዚህ ቤት የሚያነብልኝ እሷ ብቻ ስለሆነች ዕርቅ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። «ከሰርተፊኬቱ ጋር ይህ እንደሚመጣ ባውቅ አላስተምርሽም ነበር» ብላት «አንተ መቼ አስተማርከኝ፤ ቀበሌው ነው» አለችኝ። ተሸነፍኩ።

ነገሩን ሳሰላስለው ቆየሁ። ቃላቱን ያወጣሁት ሌላው ሰው እኔ የቆምኩበት ቦታ ሳይቆም እንዲያይ ነበር። ያ ሌላው ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሆኜ ሳገኘው ቃሉ አላሳፈረኝም። ይህን ከደበቅሁ የደበቅሁት ዓይኔን ሳይሆን የቃሉን ሥራ ነው።

ስለዚህ ተናገሪ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ እንዳያዝኑልኝ። ሐዘን አጀንዳ ላይ አይያዝ።

«ሕያው» እና «ደረቅ»ን ጨረስሽ?

ገሰሰ


ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሽ ገሰሰ፣ እትዬ ውባንቺ፣

በበዓሉ ሰሞን ሥራ ስለተደራረበብኝ መልሴ ዘግይቷል። ዳር ዳር ሳልል ልናገር፤ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ያለ ሥዕል። ከተራችን አንድ ሳምንት ቀድመን አስረከብን።

እንዴት እንደሆነ ትጠይቁኛላችሁና ልጻፈው። የእትዬ ውባንቺን ደብዳቤ ጭብጥ ለኮሚቴው ነገርኩ፤ ደብዳቤውን ግን አላሳየሁም፤ እሱ የኔ ነው። ከዚያ ጋሽ ገሰሰ ስለ ቁጥር አሥር ቀለም የጻፉትን አነበብኩ። አውሮፕላን ተነሣ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ አለፈ። ያ «ጡረታ ያው ጡረታ ነው» ያለው ሰው ወደ መሬት ያይ ነበር።

ዶክተር ካሳዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እስቲ ለእሳቸው ከላክሻቸው ሌላ አንድ አንብቢልኝ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም አነበብኩ። የቆመበት፦ የቤት አጥር፣ እርጥበት ያለው አፈር። ግንዱ፦ ረጅም፣ በሌላው ላይ የሚደገፍ። ቅጠሉ፦ ለስላሳ፣ ጠርዙ ሙሉ። ፍሬው፦ በዘለላ፣ ሕያው ሳለ አረንጓዴ፣ ደርቆ ውሃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣ። አረፋው ላይ ከመድረሴ በፊት ፈገግ ብለዋል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እንዶድ ነው» አሉ። «እናቴ አጥር ላይ ያለው ነው። በስተግራ፣ ከበሩ አጠገብ።»

ከዚያ መነጽራቸውን አጠለቁና «በጥቅምት ቃል ያለ ሥዕል ዕውር ነው ያልኩትን ከቃለ ጉባኤው ሰርዙልኝ» አሉ። ዓብዱ «ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፣ ዶክተር» አላቸው። «እንግዲያው ከሥሩ የዛሬውን ጻፉ፤ እንደ እሱ ደምቆ ይጻፍ» አሉ። ማንም አላዘነልዎትም። አንዳንዶቹ ቀኑብዎት።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ባለፈው እሑድ ከዓብዱ ጋር በገርጂ አድርገን ወደ አራብሳ በእግር ሄድን። የበልጉ ዝናብ ጥሩ ስለነበረ ጨፌ ካለ እንደማይሰወር ገምቼ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ በዳሳ መጀመሪያ መሬት ለክተን የምንወስድ መስሏቸው ፊታቸውን አጠቆሩብን። የምንፈልገው አበባ ነው ስንላቸው ለጎረቤታቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው ተሳሳቁ፤ ከዚያ ራሳቸው መሩን። ስሟን ብጠይቃቸው «ስም ምን ይሠራላታል፤ ማን ይጠራታል?» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ገባሁ። ዓብዱ ደብተሩን አወጣ፤ ከዚያ እርሳሱን ኪሱ መለሰና «አንቺ ጻፊ» አለኝ። እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሜ ጻፍኩ።

የቆመበት፦ ጨፌ፤ ከአራብሳ በታች፣ በሁለት ኮረብታ መሐል፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው ዋልካ፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ጠዋት ላይ ቀዝቃዛ። ግንዷ፦ አንድ ወጥ፣ ውስጡ ባዶ፣ እስከ ጉልበት። ቅጠሏ፦ ጦር መሰል፣ ጥንድ ጥንድ፣ ጠጉር አልባ። አበባዋ፦ ደወል መሰል፣ አንገቷን የደፋች፣ ሐምራዊ። ሕያው።

የሺአረግ


ይርጋ ዓለም
ሰኔ 3

ለየሺአረግ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ገሰሰ መኪናውን ዛሬ አልነካም፤ አንቺ ጻፊላት አለኝ።

አነበብኩለት። የኮሚቴውን ሲሰማ ዶክተሩ እናታቸው በሕይወት አሉ ወይ አለ። እኔ ምን አውቄ። አንቺ መልሺለት።

ከዚያ መጨረሻውን አነበብኩ። የቆመበት የሚለው ላይ ደረስኩ። ዋልካ አልኩ። ከቁርጭምጭሚት በላይ አልኩ። ቀዝቃዛ ስል ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። እግሩን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ። እሱ ደረስኩ እስኪል ጠበቅሁ።

አልቸኮለም። እኔም አልቸኮልኩም። ቀጥዪ ሲለኝ ቀጠልኩ። የመጨረሻዋን ቃል አስደግሞኛል።

ውባንቺ